ቀለሙን ተወውና ወሰኑን አሳየኝ

«ጋሼ፣ አለቀ!» ብሎ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተው። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ስክሪኑን ሞልቶታል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ባለው ቧንቧ ውስጥ ውኃ በሰከንድ 1 ሜትር ሲሄድ የሚያሳይ ሲሙሌሽን ነው።

«ቀለሙን ተወውና ወሰኑን አሳየኝ» አልኩት።

«የቱን ወሰን?»

«ውኃው የሚገባበትን፣ የሚወጣበትን፣ የሚታከከውን።»

ዝም አለ። ግፊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት እንደቀነሰ ጠየቅኩት። «2.1 ፓስካል ነው። ከምንም አይቆጠርም፤ ፓምፕ ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል» አለኝ።

ወረቀት አወጣን። የፍሰቱን ሁከት የሚጠቁመው የሬይኖልድስ ቁጥር 50,000 ነው። ብላሲየስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለልሙጥ ቧንቧ ያሳተመው ቀመር የሰበቃውን መጠን 0.021 ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፦ በየሜትሩ 211 ፓስካል፣ በ10 ሜትር 2,110 ፓስካል። 21 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት ማለት ነው። የልጁ መልስ ከወረቀቱ 1,000 ጊዜ ያንሳል። የተጠቀመው ኦፕንፎም የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኦፕንፎም የማይታመቅ ፈሳሽ ሲያሰላ ግፊቱን ለእፍጋቱ አካፍሎ ነው የሚያወጣው፤ የውኃ እፍጋት ደግሞ በሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ግራም ነው። ሶፍትዌሩ አልዋሸም፤ መለኪያውን ፋይሉ ራስ ላይ ጽፎታል። የጠፋው አንባቢ ነው።

ኮምፒውተር የጠየቁትን ይመልሳል። ሜሹና የወሰን ሁኔታው ጥያቄው ናቸው፤ ቀለሙ መልሱ ነው። ጥያቄው ሳይታይ የሚደነቅ መልስ የለም። ይህንን ሥራ ስለምወደው በየቀኑ የሚቀርቡልኝን ማመካኛዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

«ሁለት ሚሊዮን ሴል አለው!»

የት የት አሰፈርካቸው? ሁለት ሚሊዮን ጦር ሜዳ ላይ አስፍሮ በሩን ባዶ የተወ ንጉሥ ከተማውን አስረክቧል። ሜሽ ማለት ውኃው የሚሄድበትን ቦታ ቆራርጦ በትንንሽ ሴሎች መከፋፈል ነው። በየሴሉ ምን ገባ፣ ምን ወጣ እየተባለ ሒሳቡ ይወራረዳል። ታዲያ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ግድግዳው ጋ ነው። ተመራማሪው ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 ሃይድልበርግ ላይ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ፈሳሽ ግድግዳውን በነካበት ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ በስስ ንጣፍ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል። ሰበቃውም፣ ሙቀቱም የሚወሰነው እዚያ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው።

በዚያ ልጅ ቧንቧ ላይ እናስላው። ንጣፉን እስከ ግድግዳው ድረስ መፍታት ከፈለገ የመጀመሪያው ሴል መሐል ከግድግዳው 0.02 ሚሊ ሜትር ላይ መዋል አለበት። ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። የለም፣ ለግድግዳው የተዘጋጀውን ቀመር ልጠቀም ካለ ደግሞ መሐሉን 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያርቀዋል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ላይ ተቀምጦ ከሁለቱም አንዱን ሳይሆን መቅረት ነው። ጤፍ በስንዴ ወንፊት አይነፋም። ቀዳዳው ከፍሬው ከሰፋ ያጣራኸው የለም፤ ያፈሰስከው ነው። የልጁ የመጀመሪያ ሴል 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ መሐሉ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ዋለ። ለግድግዳው ቀመር ይሆናል። እሱ ግን የመረጠው እስከ ግድግዳው ድረስ መፈታት ያለበትን ሞዴል ነው። በሩና ቁልፉ አልተገናኙም።

«ሶፍትዌሩ ራሱ ሜሽ ኦኬ ብሏል!»

ሐኪም ቁመትህን ለክቶ ደኅና ነው ቢልህ ጉበትህን አይቶልሃል? ሶፍትዌሩ ሜሹን የሚፈትሽበት ትእዛዝ የሚመረምረው የሴሎቹን ቅርጽ ነው። ጎረቤት ሴሎች ከ70 ዲግሪ በላይ ተንጋደው እንደሆነ፣ መጣመማቸው ከ4 አልፎ እንደሆነ፣ ርዝመታቸው ከስፋታቸው 1,000 እጥፍ በልጦ እንደሆነ ያያል። ቅርጹ መበላሸቱን ሲነግርህ እመነው፤ ከማስላትህ በፊት አስተካክል። ቅርጹ ደኅና ነው ሲልህ ግን ስለ ቅርጹ ብቻ ነው የነገረህ። ሽክርክሪቱ የት እንደሚነሣ፣ ንጣፉ የት እንደሚሳሳ አያውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ውኃው የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚጠብ፣ ከግድግዳው የት እንደሚላቀቅ አስቀድሞ ማሰብ የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ ሴሎቹን የሚያሰፍረውም እሱ ነው።

«ኢንሌቱ ላይ ፍጥነቱን ሰጥቼዋለሁ!»

ሰጥተኸው፤ ግን ውኃው እንዲህ ሆኖ ይገባል? በሙሉ የቧንቧው አፍ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል 1 ሜትር በሰከንድ አስገባህ። እውነተኛው ውኃ መሐሉ ይፈጥናል፣ ዳሩ ይዘገያል። አንተ ያስገባኸው ወደ እውነተኛው መልኩ ለመድረስ በዚህ ቧንቧ የስፋቱን 27 እጥፍ ያህል መጓዝ አለበት። ያ 1.3 ሜትር ነው። ቧንቧህ 10 ሜትር ከሆነ ጉዳቱ ጥቂት ነው። 2 ሜትር ከሆነ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ርዝመት የሚያሳይህ ራስህ የፈጠርከውን መግቢያ ነው። ወይ መግቢያውን ወደ ኋላ አርቀው፣ ወይ ሙሉ መልኩን የያዘ ፍጥነት አስገባ።

የተርቡለንሱስ መጠን? ከሌላ ሰው ምሳሌ የተቀዳ ቁጥር ነው ያገኘሁት። ምሳሌው የንፋስ ነበር፤ ያንተ የውኃ ነው። ለዚህ ቧንቧ የሚሆነው ከፍጥነቱ 4 በመቶ ያህል መዋዠቅ ነው፤ የሬይኖልድስ ቁጥሩን ይዘህ በአንድ መስመር ታወጣዋለህ። የተዋሱት ልብስ ይታጠፋል፣ ይጠባል፤ የተዋሱት ቁጥር ግን አይጠብም፣ አይሰፋም።

«ግፊቱን 101,325 ፓስካል አድርጌዋለሁ!»

ምነው እህቴ፣ ቤትሽ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው? ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ የአየሩም እፍጋት አብሮ ይወርዳል። ውኃ እዚህ ከ100 ዲግሪ ቀድሞ፣ 92 እና 93 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ሽሮዋን የምታንተከትከው እናትሽ ጓዳ ውስጥ ታየዋለች። ለማይታመቅ ውኃ ዋናው የግፊት ልዩነቱ ነው፤ መነሻው የትም ቢሆን ፍሰቱ አይለወጥም። የአየር ማራገቢያ፣ ሕንፃ የሚገፋ ንፋስ፣ ወይም ውኃ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የባሕር ጠለል እፍጋት አስገብተሽ አዲስ አበባ ላይ የሚገፋውን ንፋስ ካሰላሽ ኃይሉን ሲሶ ያህል አብዝተሽዋል። ፓምፑ የሚስበውን ውኃ ካሰላሽ ደግሞ ውኃው ፓምፑ ውስጥ ቶሎ እንደሚፈላ አላየሽም፤ ፓምፑን የሚበላው ያ ነው። ለምትኖሪበት አገር አስሊ።

«አውትሌቱን አቀረብኩት፤ ሴል ለመቆጠብ ነው!»

ወሰን መግፋት በገጠር ዘመድ ያጣላል፤ ፍርድ ቤት ያቆማል። እዚህ ዳኛ ስለሌለ ነው? ውኃ ከጠባብ ወደ ሰፊ በደረጃ ሲወርድ ከደረጃው ሥር ይሽከረከርና ወደ ኋላ ይመለሳል። ተመልሶ ወለሉን የሚይዘው የደረጃውን ቁመት 6 እጥፍ ያህል ተጉዞ ነው። አውትሌቱን 3 እጥፍ ላይ ካቆምከው ሽክርክሪቱን ከመሐል ቆርጠኸዋል። ውኃ ይወጣበታል ባልከው በር ውኃ ይገባል። የሚገባው ውኃ ምን ፍጥነት፣ ምን ተርቡለንስ እንደያዘ ለኮምፒውተሩ አልነገርከውም፤ ስለዚህ የሆነ ነገር ይሰጠዋል። ያ የሆነ ነገር ነው ሪፖርትህ ላይ ያለው። አውትሌቱን ፍሰቱ ረግቶ ቀጥ ብሎ እስኪሄድ ድረስ አርቀው። የጨመርከው ሴል በዋጋው ልክ ይከፍልሃል።

ደግሞ አንድ ሌላ የወሰን ጥፋት አለ። በመግቢያውም በመውጫውም ፍጥነቱን ብቻ ትወስናለህ፣ ግፊቱን የትም አታስርም። የማይታመቅ ፍሰት ውስጥ ግፊት አንድ ቦታ ካልታሰረ ሒሳቡ አንድ መልስ የለውም፤ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ያው ነው። በመግቢያ ፍጥነት፣ በመውጫ ግፊት፣ በግድግዳ ዜሮ ፍጥነት፦ ለቧንቧ ይህ ሦስትዮሽ መሠረት ነው።

«ቅርጹ ሁለት ጎኑ እኩል ስለሆነ ግማሹን ብቻ አሰላሁ!»

አንተ ተስማማህ፤ ወንዙስ? ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ብለዋል አባቶች። የድልድይ ምሰሶ እንውሰድ፤ ክብ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ነው። ውኃው ግን ከኋላው ተራ በተራ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ ሽክርክሪት ይለቃል። የሬይኖልድስ ቁጥሩ 47 አካባቢ ሲያልፍ ይጀምራል፤ ፎን ካርማን እ.ኤ.አ. በ1911 ያጠናው ረድፍ ነው። ወንዝ ውስጥ ያለው ምሰሶ ከ47 እጅግ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሐሉ ላይ የሲሜትሪ ወሰን ስታቆም ግራው ወደ ቀኝ እንዳያልፍ ግንብ ሠርተህበታል። ሽክርክሪቱ ይሞታል፤ ውኃው ዝም ይላል፤ ምሰሶውን የሚያወዛውዘው ኃይልም ከስክሪንህ ይጠፋል። ከወንዙ ግን አይጠፋም። የቅርጽ መመሳሰል የፍሰት መመሳሰል አይደለም።

«ኮንቨርጅ አድርጓል! የቀሪ ስሕተቱ መስመሮች ሁሉ ወርደዋል!»

ተስማማ እንጂ እውነት ተናገረ አላለህም። መስመሮቹ መውረዳቸው ኮምፒውተሩ አንተ የሰጠኸውን ጥያቄ በትክክል መፍታቱን ይነግርሃል። ጥያቄው ልክ መሆኑን አይነግርህም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርም እንደ ወረቀቱ ነው።

ሁለት ማስረጃ አለኝ። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል የመካከለኛውን አውሮፓ ሰማይ በአራት ማዕዘን ሴሎች ከፋፍሎ የእ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1910 አየር እንዴት እንደሚለወጥ በእጁ አሰላ። ሒሳቡ በ6 ሰዓት ውስጥ ግፊቱ 145 ሄክቶ ፓስካል ይጨምራል አለው። የዚያን ቀን ግፊቱ ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ዘዴው ትክክል ነበር። ያበላሸው መነሻ ላይ የገባው ልኬት ነው፤ ነፋሱና ግፊቱ እርስ በርሳቸው አልተመጣጠኑም ነበር። ሪቻርድሰን ግን የተሳሳተውን ቁጥር አልደበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በመጽሐፉ ከነሒሳቡ አሳተመው። ስለዚህ የኋለኞቹ ስሕተቱን ፈልገው አገኙት፤ ዛሬ ማታ በቴሌቪዥን የሚነገረው የአየር ትንበያ የሚሰላው እሱ ባሳየው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ስላይፕነር ኤ የተባለ የኖርዌይ የነዳጅ መድረክ ነበር። የኮንክሪት መሠረቱ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ስታቫንገር አጠገብ ፊዮርድ ውስጥ ሲፈተሽ አንድ ግድግዳው ተሰነጠቀና ሰጠመ። የፊዮርዱን ወለል ሲመታ የርዕደ መሬት መለኪያ 3 መዘገበ። ኪሳራው 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሏል። ምርመራው ያገኘው ይህንን ነው፦ ግድግዳዎቹ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ሜሹ ሻካራ ነበር፤ እዚያ ያለው የመቁረጥ ውጥረት በ47 በመቶ አንሶ ታሰበ። በኋላ በተሻለ ስሌት ሲመረመር መሠረቱ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሰበራል የሚል ውጤት ወጣ። የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። ስላይፕነር የኮንክሪት እንጂ የውኃ ፍሰት ሲሙሌሽን አልነበረም፤ ነገር ግን ሜሽ ሜሽ ነው። ሶፍትዌሩ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ቀለሙም ያምር እንደነበር አልጠራጠርም። ማዕዘኑ ግን አልታየም።

«ሦስት ሜሽ ለመሥራት ጊዜ የለም፤ ኮምፒውተሬም አይችልም!»

ወደ ላይ ካልቻልክ ወደ ታች ውረድ። የሴሉን ጎን በግማሽ ስታሳንስ ቁጥሩ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜውንም አብረህ የምትከፋፍል ከሆነ ሥራው 16 እጥፍ ይደርሳል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ በእጅህ ያለውን ሁለት ሚሊዮን እንደ ላይኛው ቁጠረው። የሴሉን ጎን እጥፍ አድርገህ 250,000 ትሠራለህ፣ አሁንም እጥፍ አድርገህ 31,000 ትሠራለህ። ሁለቱ ተደምረው ከላይኛው 14 በመቶ ቢሆኑ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ይህንን 14 በመቶ የሰሰተ ደግሞ አፍሶም አይለቅምም፤ የፈሰሰውን አያየውማ።

ሦስቱ ምን ይነግሩሃል? ለምሳሌ በየሜትሩ 180፣ 203 እና 209 ፓስካል ቢሰጡህ የመጀመሪያው ልዩነት 23፣ ሁለተኛው 6 ነው። ልዩነቱ በአራት እጅ ገደማ እየጠበበ ነው፤ የሴሉ ጎን በግማሽ ሲያንስ ስሕተቱ ወደ ሩብ እየወረደ ነው ማለት ነው። ከ6ቱ ሲሶ ያህሉን 209 ላይ ጨምርና 211 ታገኛለህ። ወረቀቱ ላይ በእጃችን ያገኘነው 211 አልነበረም? ይህንን አካሄድ ያስተማረን ያው ሪቻርድሰን ነው፤ ተመራማሪው ሮች እ.ኤ.አ. በ1994 ሥርዓት አበጀለት። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የፈሳሽ ምሕንድስና መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የስሌቱ ትክክለኛነት ያልተፈተሸበትን ጽሑፍ አልቀበልም ብሏል። አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ ጋ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍም ከዚህ ባነሰ መስፈርት ማለፍ የለበትም። ሦስቱ ቁጥሮች ወዲያና ወዲህ ከዘለሉ ደግሞ ሜሹ ገና ነው፤ ያንን በግልጽ መጻፍ ነውር የለውም፤ ነውሩ አንዱን መርጦ ሁለቱን መደበቅ ነው።

«ፈታኞቹ ይህንን አይጠይቁኝም!»

ውኃው ይጠይቅሃል። ፈታኙ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ውኃው ቧንቧው ውስጥ ሃያ ዓመት ይሄዳል። ያሳነስከው ግፊት መጨረሻው ቤት ላይ ደርቆ ይወጣል። ያላየኸው ሽክርክሪት ከምሰሶው ሥር አፈሩን እየጠረገ ይሄዳል። እዚያ ቤት ጄሪካን ይዛ የምትቆመው እናት የሬይኖልድስ ቁጥር አትጠይቅም፤ ቧንቧው ለምን ደረቀ ብላ ግን ትጠይቃለች።

ያ ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ላፕቶፑን ሳይከፍት አንድ ገጽ ወረቀት አስቀደመ። በላዩ መግቢያው፣ መውጫው፣ ግድግዳው ከነምክንያታቸው ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው የሦስት ሜሽ ውጤት፣ ከዚያ በታች በእጅ የተሠራው ሒሳብ፣ በመጨረሻ የገባው ውኃና የወጣው ውኃ ልዩነት። ቀለሙን ያሳየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ «አሁን አለቀ» አልኩት።

እናንተም ሲሙሌሽን የምትሠሩ፣ የምትመሩ፣ የምትፈትኑ ሁሉ፣ ከቀለሙ በፊት ያንን አንድ ገጽ ጠይቁ። ሜሽ ስክሪን ላይ እያለ በደቂቃ ይታረማል። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ግን አይታረምም።